የዓሣው ጉሮሮ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የሰባ ሰባቱ መስከረም ደግሞ ጉዱን በሰልፍ አሳይቶ ነው የጠባው። አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሞላው ተብሎ አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ፣ ከጋሞ ደጋ ከኦቾሎ መንደር ሄደው እዚያ ሸማ የሚሠሩት ሰዎችም ከሥራቸው እየተጠሩ ወጡ። ለልምምድ ብቻ ሦስት ሳምንት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዝናብ ሲመታቸው ሰነበተ። በዓሉ አለፈና ለመስቀል ወደ አገራቸው ገቡ። የጋሞ ሰው የትም ይዋል የትም ይደር ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ የቀረ እንደሞተ ይቆጠራል። ታዲያ በዚያ ዓመት ከጨውና ከልብሱ ጋር አንድ ነገር ጨምረው ይዘው ገቡ። ሳል።

ሳል ስላችሁ ተራ ጉንፋን እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ትኩሳት ነው። ከዚያ ደረት የሚሰነጥቅ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ የትንፋሽ ማጠር። ጎልማሳው በሳምንቱ ተነሥቶ ያርሳል፤ አሮጌው ግን ከንፈሩ እየጠቆረ ይሄዳል። ጥቅምት ሲጋመስ ኦቾሎ ዘጠኝ ሽማግሌና አሮጊት ቀብራለች።

ዘካሪያስ ኦይታ የኦቾሎ ልጅ ነው። ተምሮ አርባ ምንጭ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኗል። ላቦራቶሪ ይባላል እንጂ አንዲት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና በላምባ የሚሠራ አንድ ማቀዝቀዣ ነበር። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ አቀበቱን ሲወጣ እናቶች እልል ይሉለታል፤ እሱም ለዚያ ሲል ካፖርቱን ከታች ጀምሮ ለብሶት ነው የሚወጣው፣ በዚያ ፀሐይ!

የመጣው ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በተቀመጡበት ዕለት ነበር። ዱቡሻ የአገር ጉዳይ የሚመከርበት ሜዳ ነው፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ የሚቀመጥባት የራሱ ድንጋይ አለችው። ምክራቸውም ተጠናቆ ነበር፤ መንገዱ ላይ ሣር ይቀመጥ፣ ማንም አይውጣ፣ ማንም አይውረድ። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ያስቀመጠበትን መንገድ እዚያ አገር የሚረግጥ የለም፤ ጠብመንጃ የያዘም ቢሆን ይመለሳል።

ዘካሪያስ ተነሥቶ ለመናቸው። «ስሙ ያልታወቀ በሽታ በሣር አይያዝም። ከታመሙት ጉሮሮ ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ ልላክ። ቫይረስ ይሁን ሌላ ይለዩታል፤ ስሙን ካወቅን መላውን እናውቃለን። እስከዚያ መንገዱን አትዝጉ፤ መድኃኒትም ሰውም መግባት አለበት።»

«በሽታው ስሙ እስኪወጣለት ቆሞ ይጠብቀናል?» አለ አባቱ ኦይታ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኦይታ ግን በልጁ የሚሳቅበት ሰው አልነበረም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ልጄ ግን የተማረ ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ እንጠብቅ» አለ። በአባትየው ቃል ሣሩ ሳይቀመጥ ቀረ።

ስለዚህ አባት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘካሪያስ ልጅ ሳለ የአባቱን የሽመና መወርወሪያ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ሲል የግራ ጆሮውን ሲያሻሽ ኦይታ አየው። አልገረፈውም፣ አልተቆጣውም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጁ ሲናገር ቃሉን በጆሮው እየሰማ ዓይኑን ልጁ ጆሮ ላይ ነው የሚተክለው።

ዘካሪያስ ሰባት ሸማኔዎችን የጨው ውሃ አጉመጥምጦ በሰባት ትንንሽ ጠርሙስ ተቀበለ። በየጠርሙሱ ላይ የሰውየውን ስም ጻፈና ወረደ። ናሙናው በበረዶ ሆኖ በሦስት ቀን አዲስ አበባ ካልገባ ቫይረሱ ይሞትና ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል። መኪና ደግሞ ያለ ኮሚቴ አይንቀሳቀስም።

ኮሚቴው «የወቅታዊ ሳል ነክ ጉዳዮች ጊዜያዊ አስተባባሪ ኮሚቴ» ይባል ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ሸዋንዳኝ ነው፤ ከሰሜን ተሹሞ የመጣ፣ ሳል ሲሰማ እንኳ ማን እንዳዘዘው የሚጠይቅ ሰው። ጓድ ሸዋንዳኝ የዘካሪያስን ሪፖርት ቀይ እስክሪብቶ ይዞ አነበበውና ላቦራቶሪው ድረስ በእግሩ መጣ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ገብረእግዚአብሔር ከኋላው ተከትለዋል። እሳቸው ጡረታቸው ሰባት ወር ስለቀረው «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ ይዘው የሚኖሩ ሰው ናቸው።

«እስቲ ቫይረሱን አሳየኝ» አለ ጓድ ሸዋንዳኝ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ።

«በዚህ አይታይም ጓድ። በጣም ትንሽ ነው።»

«አይታይም?»

«አይታይም።»

«አይታይም ግን አለ ነው የምትለው። ይኼ ሃይማኖት ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም።» ወደ ኃላፊው ዞረ። «ይኼ ልጅ ጸሎት ቤት ይሄድ ነበር እንዴ?»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ዝም አሉ። አልነቀዘም።

«ደግሞ እዚህ ላይ፣ ‹ሕመሙ ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ሰዎች ጀመረ› ብለሃል። መቼ ነው የተመለሱት?»

«ከበዓሉ በኋላ…»

«ስለዚህ በዓሉ በሽታ አመጣ!» ቀዩ እስክሪብቶ መስመሩን ሰረዘው። በላዩ ላይ «ምንጩ ያልታወቀ፣ በአካባቢው የበቀለ» ተብሎ ተጻፈ፣ እንደ ጎመን። ዘካሪያስ ሊከራከር ነበር፤ ግን መኪናው የሚገኘው ከዚሁ ሰውዬ ነው። ዋጠው።

መኪናው ተፈቀደ። የተፈቀደው ለናሙናው ብላችሁ እንዳትሞኙ። ኅዳር ሃያ ቀን አንድ ትልቅ ጓድ ከማዕከል ሊጎበኝ ይመጣል፤ ከደጋም ከቆላም ከየገበሬ ማኅበሩ መቶ መቶ ሰው ወርዶ በሰልፍ ሊቀበለው ታቅዷል። ለትልቁ ጓድ ቤት ደግሞ አስቀድሞ ከአባያ የወጡ አራት ነጭ ዓሣዎች በበረዶ ሊላኩለት ነበር። በከተማው በረዶ የሚይዙ ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የጤና ጣቢያው የክትባት ሳጥኖች፣ ሁለቱም ሰማያዊ። በአንዱ የሰባት ሰው ጉሮሮ ገባ፣ በሌላው አራት ዓሣ።

ዘካሪያስ በራሱ ሳጥን ላይ «የበሽታ ናሙና» ብሎ በትልቁ ጽፎ ነበር። ጓድ ሸዋንዳኝ ሲያየው በድንጋጤ ዘለለ። «ይኼን መንገድ ላይ ሰው ቢያነበውስ? ሽብር መንዛት ነው!» ጽሑፉ ተላጠ፤ በምትኩ «ጥብቅ ምስጢር» ተለጥፎ ማኅተም ተመታበት። ዓሣውም የሕዝብ ዓይን እንዳያርፍበት «ጥብቅ ምስጢር» ተባለና ማኅተም ተመታበት። አሁን ሁለት ሰማያዊ ሳጥን፣ ሁለት ጥብቅ ምስጢር። ሾፌሩ ካሱ የትኛው የማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «ምስጢር ነው አልተባልክም?» ብለው ተቆጡት።

ዘካሪያስ ግን ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ «በቀኝ በኩል ያለው የኔ ነው፤ እሱን ለላቦራቶሪው» አለው። ይኼ ይበቃ ነበር፤ ሻሸመኔ ላይ ጎማ ባይፈነዳና ካሱ ቅያሪውን ለማውጣት ሁለቱንም ሳጥን አውርዶ ቦታ አለዋውጦ ባይጭን ኖሮ። ዓሣ በጠረኑ አይለይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ካሱ በዚያ ሳምንት አፍንጫው ድፍን ብሎ ተዘግቶ ነበር። ከማን እንደያዘው እናንተው ገምቱ።

ውጤቱ በስምንት ቀን ይመጣል የተባለው ሃያ ሆነ። በኦቾሎ ሌሎች አራት ሰዎች ሞቱ። ዘካሪያስ በየማለዳው ፖስታ ቤት ደጅ ይቆማል። ደብዳቤው በመጣ ዕለት አቶ ገብረእግዚአብሔር ቢሮአቸውን ዘግተው አሳዩት። እንዲህ ይላል።

«በጥብቅ ምስጢር የተላከልን ሳጥን ሲከፈት አራት ነጭ ዓሣዎች የተገኙ ሲሆን፣ የጉዳዩን አሳሳቢነት ከግምት በማስገባት ከዓሣዎቹ ጉሮሮ ናሙና ተወስዶ አስፈላጊው ምርመራ ተካሂዷል። በውጤቱም የመተንፈሻ አካል በሽታ የሚያስከትል ቫይረስ አልተገኘም። ዓሣዎቹ እንዳይበላሹ በሠራተኞች ክበብ በኩል ተገቢው እርምጃ ተወስዷል።»

ዘካሪያስ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሳቅም መጣበት፣ እንባም መጣበት፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ተጋጭተው ሳል ሆነው ወጡ። «ጋሼ፣ የኛ ጠርሙሶችስ የት ገቡ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ዓሣው ይላክበት የነበረው ቤት ገብተዋላ።» ሰውየው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ ያየሁት ነገር የለም። አንተም አላየህም።»

ኮሚቴው የተሰበሰበው አብዮቱ ባሸገው ጸሎት ቤት አዳራሽ ነው። ዘካሪያስ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር የዘመረበት ቤት ነው፤ አሁን መስቀሉ ወርዶ መፈክር ተሰቅሎበታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ጓድ ሸዋንዳኝን ሳያውቀው አልቀረም። ጓዱ ደብዳቤውን ይዞ ተነሣና አንዲቷን መስመር ብቻ መርጦ አነበበ። «ቫይረስ አልተገኘም!» ጭብጨባ ሆነ። የቫይረሱ አለመኖር ለድምፅ ቀረበ። የደገፈ? ሁሉም እጁን አወጣ። የተቃወመ? እጅ ያወጣ አልነበረም፤ የሳለ ግን ብዙ ነበር። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዘካሪያስ ቆመ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የተመረመረው ነገር…»

«ምን?»

«ሳጥኑ… ውስጡ የነበረው…»

ጓድ ሸዋንዳኝ መነጽሩን አወለቀ። «ጓድ ዘካሪያስ። አባትህና እኅትህ ኦቾሎ ናቸው አይደል? የኦቾሎ ሰው ሣር እዘረጋለሁ፣ ሰልፍ አልወርድም እያለ እንደሚያሴር እናውቃለን። አንተን ያምኑሃል። ነገ ወጥተህ ራስህ ታነብላቸዋለህ። ወይስ ከርቸሌ የሚያነብልህ ሰው እንፈልግልህ?»

ዘካሪያስ ተቀመጠ። ልቡ ውስጥ ሰድቦ የጨረሰው ጓድ ሸዋንዳኝን ሳይሆን ራሱን ነበር።

በማግስቱ ዱቡሻው ሞልቶ ጠበቀው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግፌ ጠብመንጃውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። ደግፌ የዚያው አገር ሰው ነው፤ አማርኛውንም ጋሞኛውንም አንድ ቃል ሳይጥል ይሰማል፣ የሰማውንም አንድ ቃል ሳይጥል ያደርሳል። ዘካሪያስ አንዲቷን መስመር በአማርኛ አነበበ፤ በጋሞኛ ተረጎመ። ካፖርቱ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ኦይታ ከድንጋዩ ሳይነሣ ጠየቀ። «ልጄ፣ ያዩት የኛን ሰዎች ምራቅ ነው?»

ደግፌ ጆሮውን አቀና።

«አዎ፣ አባባ» አለ ዘካሪያስ፤ የግራ እጁም ወጣ ብላ ጆሮውን አሻሸች።

ኦይታ ዓይኑን ከልጁ ጆሮ ላይ አነሣ። «እንግዲህ ልጄ አዎ ካለ አዎ ነው» አለ። «ሰልፉን እንወርዳለን።» ደግፌ ደስ ብሎት ጠብመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረ።

ኅዳር ሃያ ደረሰ። ከጨንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከቆላው መንደር ሁሉ ሰው እንደ ጎርፍ ወርዶ ከተማው ሜዳ ላይ ታጨቀ። ከኦቾሎ መቶ ሰው ሲጠበቅ ዐሥራ አንድ መጣ፤ ዐሥራ አንዱም ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው ኦይታ። ጓድ ሸዋንዳኝ ሲያያቸው ጮኸ። «ይኼ ሰልፍ ነው ወይስ የለቅሶ ድንኳን?» ኦይታ ተርጓሚ ሳይጠብቅ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ «ሌላው ሳል ነው፣ ጌታዬ። ቫይረስ የሌለበት ሳል» አለው። ሰው ፊቱን እያዞረ ሳቀ። ጓዱ መቶ ብሎ መዘገባቸውና አለፈ።

አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ግራና ቀኛቸው ይስላል፣ ፊትና ኋላቸው ይስላል። ትልቁ ጓድ አልመጣም። ስለ ጤናው መጓደል ስልክ ተደወለ ተባለና ሰልፉ በባዶ ወንበር ፊት አልፎ ተበተነ። ዘካሪያስ አባቱን ከሩቅ አየው፤ ኦይታም አየው፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገለት። ሊደርስበት ሲጋፋ ሰው ዋጠው።

ከዚያማ ከተማው ራሱ ታመመ። ጤና ጣቢያው ውስጥ በአንድ አልጋ ሁለት ሰው ተኛ፤ ዘካሪያስ ወር ሙሉ ከዚያ ግቢ አልወጣም። ከሚገባው ሰው ሁሉ ስለ ኦቾሎ ይጠይቃል፤ ከኦቾሎ ግን ማንም አልወረደም ይሉታል፣ ወሬም የለም። የቆላው ሰው፣ የጨንቻው ሰው፣ ከተማ የምትኖረው የደግፌ ሚስት ሳትቀር ስትገባ፣ አንድ የኦቾሎ ወጣት አልጋ ሲይዝ አላየም። ገረመው እንጂ አልገባውም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ካሱ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ላቦራቶሪው ገባና በሩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ዘኬ፣ ጠርሙሶችህ ተገኙ! የትልቁ ጓድ ሚስት አመሰገነችህ።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሳጥኑን ስትከፍት ስም የተጻፈባቸው ሰባት ጠርሙሶች ውሃ አገኘች። ከአርባ ምንጭ! አርባ ምንጮች ካሉበት አገር! ‹ጠበል ነው፣ ስሞቹም የምንጮቹ ስም ናቸው፣ ባሌ ወገቡን እንደሚያመው ሰምተው በስውር ላኩልኝ› አለች። ጓዱ እግዜር የለም ይላል፤ ወገቡ ግን ሲያመው… ሰባት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ፊቱን ረጭታ አጠጣችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ!»

ዘካሪያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። የሰባት ሸማኔ ጉሮሮ!

እንግዲህ ትልቅ ሰው ሲስል ያለውን ጉድ ልብ በሉ። ሦስት ፕሮፌሰር ተጠራ፣ ናሙናው በአውሮፕላን ውጭ አገር ተላከ፣ ማንም የማኅተም ጥያቄ አላነሣም። በኦቾሎ ዐሥራ ሦስት ሬሳ ያልተገኘው ቫይረስ በአንድ ጓድ አፍንጫ ውስጥ ወዲያው ተገኘ። አዲስ ነው፣ ከዚህ በፊት ያልታየ የኢንፍሉዌንዛ ዘር ነው ተባለ። እንዲህ ያለው ቫይረስ ደግሞ ናሙናው በተወሰደበት ከተማ ስም ስለሚጠራ፣ ስሙ አንድ ፊደል፣ ከዚያ «አዲስ አበባ»፣ ከዚያ ቁጥር ሆነ። ቀዩ እስክሪብቶ የሰረዘውን ውጭ አገር መልሶ ጻፈው። ጓድ ሸዋንዳኝ ከማዕከል የመጣውን ሰርኩላር አንብቦ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም፤ ዘካሪያስ ደግሞ አንዱን ቅጂ ኪሱ ከቶ ወደ ኦቾሎ ገሰገሰ። ካፖርቱን አልለበሰም።

መኪናው ከሥር አወረደው፤ አቀበቱን በእግሩ ተያያዘው። ከመንደሩ በታች መንገዱ ዳር ድሮ ያልነበረ የሣር ጎጆ ቆሟል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ከጎጆው ጀርባ ስድስት አዳዲስ መቃብሮች አሉ። ከጎጆው በላይ መንገዱ ላይ፣ በዚያው ጠዋት የታጨደ እርጥብ ሣር ተቀምጧል። ከሣሩ ማዶ እኅቱ ጌጤ ልጅ አዝላ ቆማለች። ልጁም እሷም ደህና ናቸው።

«ጌጤ! አባባስ?»

ጌጤ ወደ መቃብሮቹ አየች። «ሦስተኛው ነው። ማክሰኞ ሁለት ሳምንቱ» አለች።

ዘካሪያስ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ስሙን ይዤ መጣሁ» አለ፣ እንደ ጅል።

«አንብበው።»

አነበበው። ፊደሉን፣ አዲስ አበባን፣ ቁጥሩን።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው ብለን በመስቀል ነግረንህ የለ እንዴ?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ያነበብከውስ? የማን ምራቅ ነበር?»

እጁ ወደ ጆሮው ሲሄድ በሌላው እጁ ያዘው። «የዓሣ» አለ።

ጌጤ አልሳቀችም። ልጇን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለችው። «አባባ ያን ቀን ጆሮህን አይቶ ነበር። ደግፌ እንደሄደ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበና፣ ‹ልጄ ዋሽቷል። ማንም ካልወረደ ያስሩታል። ያረጀነው እንውረድ፣ ወጣቱ ታሟል እንበል። ስንመለስም ቤት አንገባም፤ ሣሩን ከኛ በላይ አስቀምጡት› አላቸው። እዚህ ጎጆ ነው የቆዩት፤ አምስቱ ድነው ገቡ። ቆጮውን እዚያ ድንጋይ ላይ አድርጌለት ዞር እላለሁ።»

«ምን ይል ነበር?»

«ሳሉ ሲለቀው አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ‹ዘካሪያስ ታሰረ?› ይለኛል። ‹አልታሰረም› እለዋለሁ፤ በምን አውቃለሁ፣ እንዲሁ ነው የምለው። ‹እንግዲያ ደህና ነው› ይላል።»

ዘካሪያስ ከሣሩ ወዲህ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር። እውነትም አልታሰረም።